ዳለቻ ቢስሚላህ እስክትል

ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ሽንኩርት የጫነ አሮጌ ፒካፕ መንገድ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በአጠገቡ ሲያልፍ እኔ ቆምኩ። የናፍጣ ጭስ ፀሐይ ካሞቀው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ጋር ሲቀላቀል ለሌላው ሰው ያቅለሸልሻል፤ እኔ ግን ሽቶ ብትሰጡኝ አልለውጠውም። አንዱ የባጃጅ ልጅ «እህት፣ ደህና ነሽ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ሻንጣዬን አቅፌ እዚያው ተገትሬ ነበር። ደህና ነኝ አልኩት። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነበርኩ።

ሽታው የወሰደኝ ወደ ልጅነቴ አንድ ዓመት ነው። ያን ዓመት እናቴ ማጀቴ ከተማ መንታ ወልዳ እጇ ስለሞላ እኔን ሸዋ ሮቢት ላከችኝ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ እንድሪስ ቤት። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። «ለጥቂት ጊዜ ነው» ተብዬ ነበር የሄድኩት፤ ነገር ግን መንትዮቹ ቆመው እስኪሄዱ ድረስ የፈለገኝ ሰው አልነበረም። እኔም ቢሆን አልከፋኝም። የጋሼ እንድሪስ ግቢ ውስጥ ዳለቻ ነበረቻ!

ዳለቻ ፒካፕ ናት። ጋሼ እንድሪስ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በአባታቸው ግመሎች ኋላ ነው፤ ከበረሃው ጨው ጭነው ወደ ይፋት ገበያዎች ሲወጡ። ከፊት የምትመራዋ ግመል ዳለቻ ትባል ነበር። ዘመኑ የመኪና ሆኖ ግመሎቹ ሲያልቁ፣ የገዟት ፒካፕ አመድማ ስለነበረች ስሙ ሳይባክን ለእሷ ተላለፈ። የተላለፈው ግን ስሙ ብቻ አልነበረም። ጋሼ እንድሪስ ስለ ሞተር የሚያውቁትን ሁሉ በግመል በኩል ነበር የሚያስቡት። የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው ልክ ነበር።

«ግመል ሳትጫን በፊት ትዳሰሳለች» ይሉ ነበር። ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ፣ ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጣሪያ ማንጣጣት ሳትጀምር፣ ኮፈኑን ይከፍቱና እኔን ድንጋይ ላይ ያቆሙኛል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ካርቶኑ ነው። ማታ ማታ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ እንዲታይ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ይነጠፋል፤ ጠዋት ተጎትቶ ይወጣል።

«ሀያት፣ ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም ጋሼ። የድመት ዱካ ብቻ።»

«ማሻአላህ። ድመት ምንም አይደል።»

ቀጥሎ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ይወጣል። በጨርቅ ይጠርጉታል፣ መልሰው ይከቱታል፣ እንደገና ያወጡትና ለእኔ ይሰጡኛል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ዘይቱ ከታችኛው ማነስ፣ ከላይኛው መብለጥ የለበትም። እኔ ወደ ብርሃን አዙሬ የት እንደደረሰ እናገራለሁ። እሳቸው ደግሞ ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ያስባሉ። ከዚያ የራዲያተሩ ውሃ፤ እሱ የሚከፈተው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ከዚያ ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ በአውራ ጣት ይጫናል። ከዚያ የአየር ማጣሪያው ወጥቶ እንደ ተቀመጡበት ምንጣፍ አቧራው ይራገፋል። የቆላ አቧራ መቼም የማይገባበት የለም።

እኔ ከሁሉ የምወደው የናፍጣ ማጣሪያውን ነበር። ከሥሩ ያለችውን ብሎን ላላ አድርገው ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ይቀበላሉ። ናፍጣው ውስጥ ውሃ ካለ ከብርጭቆው ሥር እንደ ዶቃ ይንከባለላል። እኔ ግን ዳለቻ እንደማንኛውም ፍጡር ጠዋት ጠዋት ሽንቷን የምትሸና ነበር የሚመስለኝ። ይህንኑም ትምህርት ቤት ተናግሬ ተስቆብኛል።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ጋሼ እንድሪስ በየጠዋቱ ይህን ሁሉ የሚጠይቁኝ ሊፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር። አስተማሪያችን ሰባት ሲደመር ስድስት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀን ጠፍቶበት አይደለማ! ትልቅ ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው ብዬ፣ በትክክል በመለስኩ ቁጥር ደረቴን እነፋ ነበር። እሳቸው ግን አያውቁትም ነበር። ዓይናቸው እየሄደ ነበር። ከዳር ጀምሮ እየጨለመ፣ ቀስ በቀስ እየጠበበ። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሏቸው፣ ይህንን ለሰው ሳይናገሩ የዓይን ጠብታቸውን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል። እትዬ ከድጃ፣ ሚስታቸው፣ ያውቃሉ። ልጃቸው ሰዓዳም ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የምታይላቸው እኔ።

ዳሰሳው ሲያልቅ ጋሼ ጋቢና ይገቡና ቁልፉን ግማሽ ያዞሩታል። ያኔ ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ እንደ ተጠቀለለ ሽቦ ያለች። እሷ እስክትጠፋ ሞተሩ አይነሳም።

«ቆይ» ይሉኛል፣ «ዳለቻ ቢስሚላህ ትበል።»

እሳቸውም አብረዋት ቢስሚላህ ይላሉ። መብራቷ ትጠፋለች፣ «ጠፋች?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ጠፋች እላለሁ፣ ሞተሩ ይነሳል። አሁን መብራቷ ሞተሩ ውስጡን እያሞቀ መሆኑን እንደምትናገር አውቃለሁ። ያኔ ግን ዳለቻ የምር ዱዓ የምታደርግ ነበር የሚመስለኝ። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሆነ ቢስሚላህ ብላ ሳትጨርስ ትጠፋለች፤ ደብረ ሲና ብርድ ላይ ስናድር ግን ቆይታ፣ ቆይታ ነበር የምትጠፋው። እና ዳለቻ ደብረ ሲና ስትሄድ ሃይማኖተኛ ትሆናለች ብዬ ደምድሜ ነበር።

ስንመለስም ሥርዓት አለው። ግቢ ገብተን ከቆምን በኋላ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም። ጭኔ ከወንበሩ ላስቲክ ጋር ተጣብቆ፣ ላቤ እየወረደ፣ ልውረድ ብዬ ስቁነጠነጥ «ከሩጫ የመጣች ግመል በአንዴ አትንበረከክም። ትንፋሿን ትሰብስብ» ይላሉ። የምትሰበስበው ትንፋሽ ማለቂያ የለውም። እትዬ ከድጃ ከደጅ ሆነው «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ቀቅለህ ልትጨርሳት ነው?» ብለው ሲጮሁ ነው የምንወርደው።

እትዬ ከድጃ እጃቸው ሰፊ ነው። ሰው ቤታቸው ገብቶ ጠገብኩ ቢል አይሰሙም፤ ጆሯቸው ለዚያ ቃል አልተፈጠረም። እና የዒድ ቀን ጠዋት፣ ጋሼ ሶላት ሄደው ሳለ፣ የሞተር ዘይቱን ጄሪካን ተሸክመው ወደ ዳለቻ ሲሄዱ አየኋቸው።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዛሬ ዒድ አይደለም? ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ስትሸከምልን የኖረች በዒድ ቀን በልክ ትብላ? ነውር ነው ልጄ። ነይ ክዳኑን ክፈችልኝ።»

ከፈትኩላቸው። አፈሰሱላት። እኔ መለኪያውን አውጥቼ «ከላይኛው መስመር አልፏል እትዬ» አልኩ።

«ይለፍ! በረካ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዲስ ልብሳችንን ለብሰን ዘመድ ጥየቃ ስንወጣ፣ ገና ከግቢው በር ሳንርቅ ከኋላችን ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ተዋጠ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ የሚያስል ጭስ። ጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ይዞ ወጣ። ጋሼ እንድሪስ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፤ ወደ ጭሱ ጠጋ ብለው አሸተቱና ቀጥ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ማን ነው ያበላት?»

እትዬ ከድጃ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ዒድ ነው ብዬ…»

ጋሼ ያን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከመኪናው ሥር ተኝተው፣ የተረፈውን ዘይት በሳህን ቀዱት። ጀለቢያው ከዚያ ወዲያ ነጭ አልሆነም። ሲወጡ ግን አልተቆጡም። «ከድጃ» አሉ፣ «የጎደለባት ትራባለች፣ የተረፈባት ትታመማለች። እነዚህ ሁለት መስመሮች የተሠመሩት ለጌጥ አይደለም፤ ልክ ያለው ነገር ሁሉ ልኩን ነው የሚወደው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሁሉ ሦስተኛ ጊዜ ሲጨመርለት «ኧረ እትዬ ከድጃ፣ ከላይኛው መስመር አለፍኩ!» ይል ጀመር። እሳቸው አብረው ይስቃሉ፤ መጨመራቸውን ግን አያቆሙም።

ከዒዱ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። አንድ ቀን ወደ ጋሼ ማሞ እርሻ እየሄድን ነበር። ጋሼ ማሞ የጋሼ እንድሪስ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ቀወት ወረዳ ውስጥ ሽንኩርትና ማሾ ያርሳሉ። እኔ መሃል፣ ሰዓዳ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ሰዓዳ ያኔ ትምህርቷን ጨርሳ ከአባቷ ጋር ሽንኩርት ትነግዳለች፤ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች፤ ነገር ግን ዳለቻን ከግቢ አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣቻትም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ናት። ድንገት ሰዓዳ «አባ! ፍየል!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ፍሬኑን ረገጡ፤ እኔ በግንባሬ ሄድኩ። ፍየሎቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። እረኛዋ ሴትዮ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታየናለች።

«አይቻቸዋለሁ» አሉ ጋሼ።

«አላዩዋቸውም አባ።»

«አይቻቸዋለሁ አልኩ!»

ጋሼ ማሞ ዘንድ ስንደርስ ደግሞ ሰውዬው ገና ከሩቅ «እንድሪስ፣ ዛሬ ሰላምታም ከለከልከኝ? በማርያም፣ እጄ እስኪዝል እኮ ነው ያወዛወዝኩልህ!» እያሉ መጡ። ጋሼ እንድሪስ ሳቁ። ሰዓዳ አልሳቀችም።

ቤት እንደገባን ሰዓዳ በሁላችንም ፊት ተናገረች። እንደወትሮዋ ቀልዳ አልነበረም። «አባ፣ ዛሬ ፍየል ነው። ነገ ልጅ ይሆናል። ቁልፉን ይስጡኝ፤ እርስዎ አጠገቤ ይቀመጡ፣ እኔ ልንዳ።»

ቁልፉ ያለው ጋሼ አንገት ላይ ነው። የታሰረበት ነገር ክር አይደለም፤ ከአባታቸው የግመል መሪ ገመድ የተቆረጠ ቁራጭ ነው፣ ከብዙ እጅ የተነሳ እንደ ቆዳ የለሰለሰ። ጋሼ ገመዱን በመዳፋቸው ጨበጡት።

«ይህን ገመድ» አሉ፣ «አባቴ ከአባቱ እጅ የተቀበለው አያቴ በሞተበት ቀን ነው። እኔም ከአባቴ እጅ የተቀበልኩት እንዲሁ ነው። በእኛ ቤት መሪ የያዘ ሰው በሕይወት እያለ ከእጁ ወደ ሌላ እጅ አይሰጥም። የሰጠ ዕለት አልቋል።»

«መኪና ግመል አይደለችም አባ!»

«ለአንቺ።»

እትዬ ከድጃ ወደ ማድቤት እየሄዱ «ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ። ሰዓዳ ወጥታ ማንጎው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። የምትፈራው ለመንገደኛው ብቻ አልነበረም፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ያለውን ዳገት፣ ያን ጠመዝማዛ፣ ያን ገደል የሚያውቅ ሁሉ የሚፈራውን ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የፈራሁት። «የሰጠ ዕለት አልቋል» የሚለውን የሰማሁት እንዳለ ነበር። ቁልፉ ከጋሼ እጅ ወደ ሰዓዳ እጅ ከገባ ጋሼ እንድሪስ በዚያው ቀን ይሞታሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓዳን ጠረጠርኳት። ያቺ ጠጉሬን የምትሠራልኝ፣ ማንጎ ልጣ የምታበላኝ ሰዓዳ አባቷን ልትገድል መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የጋሼን አንገት ሆነ። ገመዱ ካለ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ ዛሬም ይኖራሉ።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ የጋሼ ማሞ ማሾ ተወቃ። ዳለቻ አውድማው ድረስ ገብታ ስትጭን ዋለች፤ ነፋሱ ገለባውን እያነሳ ፊቷ ላይ ይረጭ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ራዲያተሩን ፈተሹ። ራዲያተር ፊቱ እንደ ወንፊት ነው፤ ነፋስ በመሃሉ ካላለፈ ውሃው አይቀዘቅዝም። ወትሮ ከፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብለው በቀዳዳዎቹ የማዶውን ብርሃን ያዩ ነበር አሉ፤ ብርሃን ካለፈ ንጹህ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ግን ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ በዘንባባ መጥረጊያ ጠረጉት፣ «ንጹህ ነው» አሉ። ካርቶኑን ጠይቀውኛል፣ ዘይቱን ጠይቀውኛል። ይህን ግን አልጠየቁኝም። ገለባን የሚያክል ነገር እጅ አይስተውም ብለው ይሆናል።

ሽንኩርት ጭነን ወደ ደብረ ሲና ገበያ ወጣን። እኔ መሃል የምቀመጠው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ የሙቀቷ መርፌ ከፊቴ ናት። ዳገቱን ስንጀምር ጋሼ በየመታጠፊያው ይጠይቁኛል።

«መርፌዋ የት ናት ሀያት?»

«መሃል ላይ ናት ጋሼ።»

ማርሽ ቀነሱ። «ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ የሚጎትታት ወገቧን ነው የሚሰብራት» አሉ ለራሳቸው። አርማኒያ ከተማን አለፍን። ከላይ በኩል ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ወደ እኛ ይወርዳል። ሰዓዳ አንድ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ መንገዱን በሹክሹክታ ታነባለች፤ «ወደ ግራ አባ… አሁን አይሱዙ እየመጣ ነው… ቀኝዎን ይያዙ።» ጋሼም እንዳለችው ያደርጋሉ።

«መርፌዋስ?»

«መሃሉን አለፈች።»

ጥቂት ሄደን፣ «አሁንስ?»

«ጋሼ፣ ቀዩ ጋ ደርሳለች!»

ሰፋ ያለ ቦታ እስክናገኝ ሰዓዳ መራቻቸው። ቆምን። ሞተሩን አላጠፉትም። «ማሞቂያውን ክፈቺው» አሉ ለሰዓዳ። በዚያ ላይ ማሞቂያ! ጋሼ አበዱ ብዬ ነበር። ከፊታችን እሳት የሚመስል አየር ወጣ። ሰዓዳ ከሞተሩ ላይ ሙቀት እየሳበ ነው አለችኝ። መርፌዋ ትንሽ ወረደችና ቆመች፤ እንደገና ልትወጣ ስትል ጋሼ ሞተሩን አጠፉት።

አንድ ገበሬ ጄሪካን ውሃ በአህያ ጭኖ ያልፍ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲግል ሲያይ ጄሪካኑን አውርዶ «ኧረ ላብርድላችሁ!» ብሎ ሊያፈስበት ሮጠ።

«እንዳትነካው!» የጋሼን ድምፅ ገደሉ አስተጋባው። «ላብ ያጠመቃት በቅሎ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈሳለህ አንተ?»

ሰውዬው ደነገጠ። «የለም አባቴ። ትሞታለች።»

«ይችም እንደዚያው ናት። ተቀመጥ፣ አብረን እንጠብቃት።»

ተቀምጦ ጠበቀ። ውሃውንም በኋላ ሰጠን፤ አላህ ይስጠው።

ሞተሩ ሲበርድ ሰዓዳ ጎንበስ ብላ ከራዲያተሩ ፊት አየች።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ።

«ገለባ ነው አባ። የማሾ ገለባ። ፊቱ ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ በየቀዳዳው ተጠቅጥቋል።»

«ገለባ? ዳስሼው ነበር እኮ።»

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ራዲያተሩን እንደገና ዳሰሱት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው። እጃቸው ምንም አላገኘም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሀያት፣ ነይ እዚህ ጋ ቁጢጥ በይ። በመሃሉ ብርሃን ያልፋል?»

ቁጢጥ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከማዶ ብርሃን መታየት ነበረበት። ጨለማ ነው።

«አያልፍም ጋሼ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እየፈተኑኝ አልነበረም። ፊታቸውን አየሁት፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት አልነበረም። ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ያንን ፊት ነው።

ሰዓዳ ከጠጉሬ ላይ ሚዶዬን ነቀለችና በየቀዳዳው ገለባውን እያላላች፣ ገበሬው ከኋላ በኩል ውሃ እያፈሰሰ፣ አጸዱት። እኔ ቁጢጥ ብዬ «አሁን ያልፋል፣ እዚህ ጋ ይቀራል» እላለሁ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳለቻን ያዳምጣሉ፤ የጠፋ ሞተር ሲበርድ ጣ፣ ጣ ይላል፣ እሱን። በመጨረሻ ተነስተው ውሃዋን ሞሉ፣ ክዳኑን አጠበቁ፣ ጋቢና ገቡ፤ እኔም መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ገመዱን አወለቁት። ቁልፉን ከተቱና ግማሽ አዞሩት።

«ጠፋች?»

«ጠፋች ጋሼ።»

ሞተሩን አስነሱ፤ አዳመጡት፤ «ይኸው ደህና ናት» አሉ። ከዚያ ወረዱ። በአንድ እጃቸው የዳለቻን አካል እየዳሰሱ በፊቷ በኩል ዞሩ፤ የፊት መብራቷን፣ ኮፈኗን፣ ሌላውን መብራቷን። በመስኮቱ በኩል ያለውን በር ከፍተው ሰዓዳ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ደርሶ ነበር፤ ገበሬው ከነአህያው ውስጡ ጠፋ።

እኔ አንገታቸውን አየሁ። ባዶ ነው።

«ጋሼ! ቁልፉ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንባዬ መጣ። «ቁልፉን ሰጡ! ይሞታሉ!»

ሰዓዳ መንገዱ ላይ ቆማ፣ እጇ በገለባ ተበክሎ፣ እኔንና አባቷን ታያለች። ጋሼ ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። ጀለቢያቸው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«አልሰጠሁም ልጄ» አሉኝ። «ከእጄ ማን ተቀበለኝ? አየሽ እንዴ? እዚያው ነው የተውኩት። ዳለቻ ራሷ ላይ ነው ያለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ወደ ሰዓዳ ሳይዞሩ። «ሽንኩርቱ እኮ ይበሰብሳል።»

ሰዓዳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ገባች። ቁልፉን አልነካችውም፤ የገመዱ ቁራጭ ከሥሩ ይወዛወዛል። መሪውን ያዘች። ጉም ውስጥ ገባን። አንድ መታጠፊያ ላይ ጋሼ «ማርሽ ቀንሺ» አሉ፣ እሷ ግን ቀድማ ቀንሳ ነበር። ገበያው ጋ ስንቆም ሰዓዳ ሞተሩን አላጠፋችም። እጇን ከመሪው ላይ ሳታነሳ ተቀመጠች፤ ዳለቻ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጋሼ እያዳመጡ ቆዩና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ምክንያቱም አልሞቱም። ያን ቀን ሙሉ ገበያው ውስጥ ልብሳቸውን ይዤ ዞርኩ፤ በየመሃሉ ቀና ብዬ መተንፈሳቸውን አረጋግጣለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉ እንዲህ ሆነ። ማታ ቁልፉ ወደ ጋሼ አንገት ይመለሳል፤ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ከተው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ አስነስተው፣ በፊቷ በኩል ዞረው በሌላው በር ይገባሉ። ከእጅ ወደ እጅ ምንም አልተሰጠም። ሰዓዳም አንድ ቀን እንኳ ቁልፉን ይስጡኝ ብላ አልጠየቀችም።

ባለፈው ሰሞን የሄድኩት እሳቸውን ልጠይቅ ነው። ዓይናቸው አሁን ፈጽሞ አያይም። እትዬ ከድጃ ከላይኛው መስመር አሳልፈው አበሉኝና አደርኩ። ጠዋት የኮፈን ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ዳለቻ ማንጎው ሥር ናት፤ ቀለሟ ለቅቋል፣ ሽንኩርት ግን ተጭናለች። ሰዓዳ ዘይቷን አየች፤ የራዲያተሩን ብርሃን አየች። ከዚያ ዞር ብላ ቆመች፣ አባቷ እስኪመጡ።

ጋሼ እንድሪስ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ጋቢና ገቡ። እኔ ድሮ በምቀመጥበት መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ገመዱን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ቀዳዳውን በጣታቸው ፈልገው ቁልፉን ከተቱ፣ ግማሽ አዞሩ። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። ጣቶቻቸው የለመዱትን ቦታ አገኙ፤ ትከሻቸው ቀና አለ። ጠዋቱ ገና ከመንጋቱ ይሞቃል። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ብላ ወዲያው ጠፋች።

«ጠፋች ሀያት?» አሉኝ።

«ገና ናት ጋሼ» አልኳቸው። «ቆይ፣ ቢስሚላህ ትበል።»